መስኮቱን ክፈቱልኝ፦ ስለ ሆርሞን ጠይቄ ያገኘኋቸው 27 መልሶች

መነሻ ጽሑፍ

ከፒያሳ ወደ ስታዲየም የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነኝ። ጠዋት ነው፤ ሰኔ ነው፤ ውጭ ያካፋል። ቴዎድሮስ አደባባይን እንዳለፍን ከደረቴ አንድ ሙቀት ተነሣ። አንገቴን አልፎ ፊቴን ሞላው። ነጠላዬን አወረድኩ፣ ሹራቤን አወለቅኩ። ላቡ በጀርባዬ ይወርዳል። መስኮቱን ገርበብ አደረግኩት። ወዲያው ከኋላ «ኧረ ዝጊው፣ ንፋስ ሊመታን ነው!» የሚል ድምፅ መጣ። አንድ አባት ኮፍያቸውን እስከ ጆሯቸው ጎተቱ። ወያላውም «ማዘር፣ ዝጊላቸው በቃ» አለኝ። ዘጋሁት። ስታዲየም ሳልደርስ ፖስታ ቤት ጋ ወረድኩ። ሰው ዣንጥላ ይዞ ይሮጣል፤ እኔ ፊቴን ለካፊያው ሰጥቼ ቆሜያለሁ።

51 ዓመቴ ነው። የወር አበባዬ ከቆመ 14 ወር ሆነው። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ብርድ ልብስ ገፍቼ እነሣለሁ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ባለፈው ወር አንድ ዜሮ ጎድሎ የተጻፈ ቼክ ልፈርም ስል ገንዘብ ያዥዋ ናት ያየችልኝ። ሐኪሜ ሆርሞን መተካት የሚባል፣ ሰውነት ማምረት ያቆመውን የሴት ሆርሞን በመድኃኒት የሚተካ ሕክምና እንዳለ ነግራኝ አስቢበት አለችኝ። ቃሉን ስሰማ ካንሰር የሚለው ቃል አብሮ መጣብኝ። ከየት እንደሰማሁት አላውቅም። ጎረቤት ጠየቅኩ፣ መሥሪያ ቤት ጠየቅኩ። የወሰደች አንድም የለችም፤ የማትፈራውም አንድም የለችም። ፍርሃቱ ከመድኃኒቱ ቀድሞ አዲስ አበባ ገብቷል ማለት ነው።

ባለቤቴ ደግሞ 58 ነው። ጂም የሚሠራ የእህቱ ልጅ፣ የወንድ ሆርሞን መርፌ ብትወጋ እንደ ጎረምሳ ትሆናለህ ብሎ አስጎምጅቶታል። እኔ ቤት ውስጥ ሁለት ጥያቄ አለኝ ማለት ነው። የወሰደ አለ? ምን ሆነ?

ይህን ነበር ኢንተርኔት ላይ አንድ የመወያያ ገጽ ውስጥ የጻፍኩት። ከሥሩ ተከታትለው ክር የሠሩትን መልሶች በራሴ አነጋገር ልተርካቸው። ሰዎቹ ገመናቸውን ያወሩት እዚያ ለነበርነው ስለሆነ ስምም ቃልም አልወስድባቸውም።

1ኛ መልስ። የአራት ኪሎ ሴት ናት። እንኳን ወደ ማኅበራችን በደህና መጣሽ ብላ ተቀበለችኝ። እሷ በተልባ፣ በጥጥ ልብስና የማታ ቡና በመተው እንደተገላገለች፣ ይህ ነገር በጥቂት ወራት የሚያልፍ እንደሆነ ነገረችኝ። ደግ ሴት ናት። ቡናውን አራት ቀን ተውኩት። በአምስተኛው ቀን ከሙቀቱ ይልቅ ራስ ምታቱ ባሰብኝ።

2ኛ መልስ። አዋላጅ ነርስ ናት። ምክር አልሰጠችም፤ ጠየቀችኝ። ማህፀንሽ አለ ወይስ ወጥቷል? በቤተሰብ የጡት ካንሰር አለ? ደም መርጋት ደርሶብሽ ያውቃል? ግፊትሽ ስንት ነው? ከቆመ በኋላ ድንገት ደም አይተሽ ታውቂያለሽ? የመጨረሻው መልስ አዎ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ትቼ ሐኪም ጋ መሮጥ እንዳለብኝ አሰመረችበት። እኔም እንደ ግብር ቅጽ ሞላሁት፦ ማህፀን አለ፣ ካንሰር የለም፣ መርጋት የለም፣ ደም የለም፣ ግፊት ትንሽ ከፍ ያለ።

3ኛ መልስ። እትዬ ብሎ ጀመረ። እዚህ ላይ ትንሽ ቅር አለኝ፤ ከአጻጻፉ እኩያዬ ነው። አሜሪካ ያለች አክስቱ ሆርሞን ወስዳ የጡት ካንሰር እንደያዛት፣ ይህ የነጭ መድኃኒት ለእኛ እንደማይሆን፣ ብወስደው ልጆቼን አሳዳጊ እንደማሳጣቸው ጻፈ። ልጆቼ 26 እና 23 ዓመታቸው ነው።

4ኛ መልስ። ፋርማሲስት ነው፤ ክሩን ያቆመው እሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። በመጀመሪያ የ1ኛዋን ሴት በትሕትና አረማት፦ አንድ ረጅም የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ ሙቀቱ በተደጋጋሚ ከሚመጣባቸው ሴቶች ግማሾቹ ከ7 ዓመት በላይ ይቆይባቸዋል። ከዚያ ወደ ፍርሃቱ ምንጭ ሄደ። ዊመንስ ሄልዝ ኢኒሺዬቲቭ የተባለው የአሜሪካ ጥናት ኢስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞንና ፕሮጄስቲን (ፕሮጄስትሮን የተባለው ሌላ የሴት ሆርሞን ሰው ሠራሽ ዓይነት) የተቀላቀሉበትን ክኒን በ16,608 ሴቶች ላይ ሲከታተል ቆይቶ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2002 ላይ ተቋረጠ። የጡት ካንሰር፣ ስትሮክና ደም መርጋት ጨምሮ ተገኘ። ዜናው ዓለምን አዳረሰ። ብዙ ሴት ክኒኗን ጣለች። ሰው ያልሰማው ግን የሴቶቹ አማካይ ዕድሜ 63 እንደነበር ነው። ሙቀት የያዛት የ51 ዓመት ሴትና የ63 ዓመት ሴት አንድ አይደሉም። ዛሬ ብዙዎቹ የሙያ ማኅበራት፣ ከ60 ዓመት በታች ለሆነች ወይም ከቆመባት 10 ዓመት ላልሞላት ጤነኛ ሴት ጥቅሙ ያመዝናል የሚሉት ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ እኔ ራሴ 5ኛ ሆኜ ገባሁ። ቁጥር ሲነሣ ዝም ማለት አልችልም። ጭማሪው ስንት እንደነበር ጠየቅኩት። ያኔ የተጻፈው 26 በመቶ ጨመረ ተብሎ ነው አለኝ። በሰው ሲቆጠር ደግሞ ክኒኑን ካልወሰዱት 10,000 ሴቶች በዓመት 30 ያህሉ፣ ከወሰዱት 38 ያህሉ የጡት ካንሰር ያዛቸው። ሁለቱም እውነት ነው። ሒሳብ ላይ 25 ዓመት የሠራ ሰው ግን ያውቃል፤ አንድን ቁጥር በመቶኛ ስታቀርበውና በብር ስታቀርበው ሥራ አስኪያጁ ፊት ላይ የሚታየው ሌላ ነው።

6ኛ መልስ። ወጣት ሐኪም ነው፤ ትሕትና የሚባል አልፈጠረበትም። ፋርማሲስቱ ነገሩን እንዳቀለለው ተናገረ። እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት 58 ጥናቶችን ያሰባሰበ ሥራ አውጥቷል። ከ50 ዓመታቸው ጀምሮ ቅልቅሉን በየቀኑ ለ5 ዓመት የሚወስዱ 50 ሴቶች ቢኖሩ፣ በ20 ዓመት ውስጥ አንዲት ተጨማሪ ሴት የጡት ካንሰር ይይዛታል። አንዷ ትንሽ ናት? እናትህ ብትሆንስ? ብሎ ጠየቀ።

7ኛው ያው ፋርማሲስቱ ነው። እናቱ በመጠራቷ ተቆጥቷል። ያኛው የዓመት፣ ይኸኛው የ20 ዓመት ቁጥር ስለሆነ እንደማይጋጩ፣ አደጋ የለም ያለ ሰው እንደሌለ፣ ነገር ግን እንቅልፍ አጥታ የምትኖርም ሴት እናት መሆኗን መለሰለት። ሐኪሙ አውራ ጣት ብቻ ላከለት። የፍቅር ይሁን የንቀት እስካሁን አልገባኝም።

8ኛዋ አብሽ ጠዋት በባዶ ሆድ አለች፤ 9ኛው አኩሪ አተር አለ። 10ኛዋ ደግሞ ክሩን ወደ ፆም ወሰደችው። ፕሪማሪን የሚባለው የኢስትሮጅን ክኒን ከእርጉዝ ፈረስ ሽንት እንደሚሠራ አንብባ ደንግጣለች። እውነት ነው፤ ከ1942 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ መድኃኒት ነው። እንኳን በዐቢይ ፆም በፋሲካም ፈረስ አንቀምስ፣ እንዴት ይሆናል ስትል ጠየቀች። 11ኛው፣ መድኃኒት መድኃኒት እንደሆነና የንስሐ አባቷን እንድትጠይቅ ነገራት። ፋርማሲስቱ በ12ኛው ገላገላቸው፦ ዛሬ በብዛት የሚታዘዘው ኢስትራዳዮል የተባለው የኢስትሮጅን ዓይነት ከአኩሪ አተርና ከቦዬ መሰል ተክሎች ከሚወጣ ንጥረ ነገር ተነሥቶ የሚሠራ ነው። 9ኛው ሰው አኩሪ አተር አላልኩም? ብሎ ተመለሰ። ክኒኑ ግን ቤተ ሙከራ ውስጥ ተለውጦ የወጣ ነው፤ ቆልተህ የምትቆረጥመው አኩሪ አተር አይደለም።

13ኛ መልስ። ይቺ ሴት ስለ ቃሉ ነው የጻፈችው። ማረጥ የሚለው ቃል እንደሚያማት ነገረችን። ላም አረጠች ይባላል፤ ሴትም አረጠች ይባላል። ሐኪሙ ካርዷ ላይ ሲጽፈው አይታ ወጥታ አለቀሰች። ሌላ ቃል እንፈልግ አለች። አንዱ ዕረፍት ብንለውስ አለ። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ግን እኛ አገር ዐረፈች ማለት ምን እንደሆነ ሌላዋ አስታወሰችው። ክሩ ላይ ሁላችንም የሳቅነው እዚህ ጋ ብቻ ነው።

14ኛ መልስ። ይህን ቀስ ብዬ ነው የማወራው። ሴትዮዋ አሁን 46 ዓመቷ ነው። በ38 ዓመቷ ማህፀኗም ሁለቱ የእንቁላል እጢዎቿም በቀዶ ጥገና ወጥተዋል። የት እንደሆነ አልጻፈችም፤ እኛም አልጠየቅንም። ገና ተኝታ ሳለች፣ በሦስተኛው ቀን፣ አንሶላዋ በላብ ርሶ ነቃች። ትኩሳት መስሏት ለነርሷ ነገረች። ቴርሞሜትር ተደረገላት፤ ምንም የለም። ሌሊቱን ግድግዳው ስለሚቀዘቅዝ ፊቷን ግድግዳው ላይ ለጥፋ አደረች። ሲያስወጧት ስፌቱ ደህና መሆኑን እንጂ ይህ ሙቀት ይመጣል ያላት ሰው የለም። ስድስት ዓመት ካልሲየም ስትውጥ ኖረች። በ44 ዓመቷ ደረጃ ላይ ተንሸራትታ የእጅ አንጓዋ ተሰበረ። ያን ጊዜ ያያት ሌላ ሐኪም ነው ሆርሞን ለምን አልተሰጠሽም ብሎ የጠየቃት። እሷ ምን ትመልስ?

አዋላጅ ነርሷ በ15ኛው መለሰችላት። በዚያ ዕድሜ እጢው ለወጣባት ሴት ሆርሞን እንደ ተጨማሪ ምቾት አይታይም። የሚከለክላት ሌላ በሽታ ከሌለ፣ ቢያንስ በተፈጥሮ እስከሚቆምበት ዕድሜ፣ ማለትም እስከ 51 ገደማ፣ መውሰዱ ይመከራል። ለአጥንትም ለልብም ስለሚጠቅም። ማህፀን ስለሌላት ደግሞ ኢስትሮጅን ብቻውን ይበቃታል። የ2002ቱ ጥናት ማህፀን የሌላቸውን ሴቶች ለብቻ ሲከታተል፣ ኢስትሮጅን ብቻውን የወሰዱት ላይ የጡት ካንሰር አልጨመረም።

16ኛ መልስ። ክሩ የተበላሸው እዚህ ነው። አንድ ሰው መጥቶ ይህ ሁሉ የባለጠጋ ወሬ እንደሆነ፣ እናቶቻችን እንጨት ተሸክመው ከእንጦጦ ሲወርዱ ሆርሞን እንዳልጠየቁ ጻፈ። 17ኛዋ የተሰበረ እጅ ያላት ሴት ናት። እናቱን ሙቀት ይይዝሻል ወይ ብሎ ጠይቋት ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። እናቷ እንጨት ሸክም ላይ ጎብጣ የቀረችው በምን ምክንያት እንደሆነ የነገራት ሰው እንደሌለም ጨመረችበት። አልመለሰም። እኔ ግን የራሴን እናት አሰብኩ። ሌሊት በር ላይ ወጥታ ደረጃው ላይ ትቀመጥ ነበር። እኛ የምትጸልይ ነበር የሚመስለን።

18ኛ መልስ። ፒያሳ ፋርማሲዎች ዞራ ያጣች ሴት፣ የአጎቷ ልጅ ከዋሽንግተን በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ኢስትሮጅን በሻንጣ እንደላከላት፣ ከለጠፈች ወዲህ እንደ ሕፃን እንደምትተኛ፣ የተረፈውን ልትሸጥልኝ እንደምትችል ጻፈች። እውነቱን ልናገር? ዋጋ ጠየቅኳት።

19ኛው ፋርማሲስቱ ነው፤ ሁለታችንንም ቆጣን። ማህፀን ያላት ሴት ኢስትሮጅን ብቻውን ከወሰደች የማህፀኗ ውስጠኛ ግድግዳ እየወፈረ ሄዶ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ፕሮጄስትሮን አብሮ የሚሰጠው ለዚህ ነው። በቆዳ የሚገባው ደም የማርጋት አደጋው ከክኒኑ ያነሰ መሆኑ እውነት ነው፤ ለእኔ ዓይነቷ ግፊት ላለባትም ይመረጣል። ግማሹን ሕክምና በሻንጣ አምጥቶ መለጠፍ ግን ሌላ ነገር ነው። ሴትዮዋ ፕሮጄስትሮን የሚባል ነገር መኖሩን ያን ቀን ነው የሰማችው። በማግስቱ ሐኪም ጋ ካርድ ማውጣቷን ጻፈችልን።

ከዚህ በኋላ ወንዶቹ ገቡ። 20ኛው የባለቤቴን ነገር አንሥቶ፣ የወንድ ሆርሞን በ40 ዓመት ያልቃል፣ መርፌው ለሁሉም ይጠቅማል አለ። 6ኛው ሐኪም ተመልሶ 21ኛ ሆነ። በዚህኛው ጠባዩ ተሻሽሏል። የወንድ ሆርሞን እንደ ሴት በአንድ ጊዜ አይቋረጥም፤ በዓመት 1 በመቶ ገደማ ቀስ እያለ ይወርዳል። መጀመሪያ ቦርጭ፣ ስኳርና እንቅልፍ ይታዩ። ማንኮራፋትም። ከዚያ በጠዋት፣ በባዶ ሆድ፣ በሁለት የተለያዩ ቀናት የደም ምርመራ ይደረግ። ሁለቱም ጊዜ ዝቅ ካለና የሚሰማው ነገር ካለ ብቻ ነው ወሬው የሚጀመረው። እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ የወጣው ትራቨርስ የተባለ ጥናት ከ5,200 በላይ ወንዶችን ተከታትሎ፣ ቴስቶስትሮን፣ ማለትም የወንድ ሆርሞን፣ ያለበት በቆዳ የሚቀባ ጄል ድንገተኛ የልብ ሕመምንም ስትሮክንም መድኃኒት ከሌለበት ባዶ ጄል በላይ እንዳላበዛ አሳይቷል። የልብ ምት መዛባትና ሳንባ ውስጥ ደም መርጋት ግን በዝቶ ተገኝቷል። አጥንት ያጠነክራል ሲባል የነበረውም ስብራት ከባዶው በልጦ ታየ። ባለቤቴ ይህን ከትከሻዬ ላይ ሆኖ ሲያነብ ቦርጩን በእጁ ይዞ ነበር።

22ኛ መልስ። አጭር ነበር። 31 ዓመቱ ነው። ጂም ውስጥ ከአንድ ልጅ እየገዛ ለሁለት ዓመት መርፌውን ወስዷል። ደረቱ ሰፍቷል። ባለቤቱ ግን ማርገዝ አልቻለችም፤ የቤተሰቡ ጣት እሷ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት የዘር ፈሳሹ ተመርምሮ ምንም ስፐርም አልተገኘም። ለባለቤቱ ገና አልነገራትም። 23ኛው ሐኪሙ ነው፦ ከውጭ የሚገባ ቴስቶስትሮን አንጎልን በቂ አለ ብሎ ያታልለዋል፤ አንጎልም ለዘር ፍሬው የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል። ሲተው በአብዛኛው ይመለሳል፤ ግን ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። ሐኪም ሳያይህ ሌላ መርፌ እንዳትጀምር አለው። ከዚያ ከሕክምናው ወጣ ብሎ፣ ዛሬ ማታ ለሚስትህ ንገራት አለው። ይህን ሐኪም ያን ጊዜ ወደድኩት።

24ኛው ሰው አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ደማችን ወፍራም ነው፣ ቴስቶስትሮን ደግሞ ያወፍረዋል፣ ስለዚህ ለሐበሻ ሞት ነው አለ። ግማሹ ልክ ነው፤ ቴስቶስትሮን ቀይ የደም ሴል ያበዛል፤ የደሙ ውፍረት መለኪያ ከ54 በመቶ ካለፈ ይቆማል። 25ኛዋ ሌላውን ግማሽ አረመችው። ሰሜን ተራሮች ላይ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ሲመረመሩ ሄሞግሎቢናቸው ከባሕር ጠረፍ ሰው እምብዛም የራቀ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ነው። ያው የፍርሃቱ ዓመት። እሷው ቀጥላ፣ በ1889 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ብራውን ሴካር የተባለ የ72 ዓመት ሳይንቲስት ከውሻ ፍሬ የተጨመቀ ፈሳሽ ራሱን ወግቶ ጎረመስኩ ብሎ እንዳወጀ ተረከች። ፈሳሹ ውስጥ ሆርሞኑ ከነአካቴው የለም በሚያስብል መጠን ነበር የነበረው። ባለቤቴ ያንን የእህቱን ልጅ ሳይንቲስቱ ብሎ መጥራት ጀምሯል።

26ኛው እኔ ነኝ። ሐኪሜ ጋ ተመልሼ ሄድኩ። ጥያቄዎቼን ወረቀት ላይ ጽፌ ስለነበር ሳቀች። መጀመሪያ ግፊቴ ይስተካከል፣ ጡቴ ይታይ፣ ከዚያ በቆዳ የሚገባውን ከፕሮጄስትሮን ጋር እንሞክራለን አለችኝ። ሆርሞን ካልተስማማኝም ሙቀቱን የሚያቀልሉ ሆርሞን ያልሆኑ መድኃኒቶች አሉ። ሦስት ፋርማሲ ጠየቅኩ፤ ክኒኑ አንዱ ጋ አለ፣ የሚለጠፈው የትም የለም። እስካሁን አልጀመርኩም። ታክሲ ውስጥ ግን አሁንም እየተቃጠልኩ እንደሆነ ጻፍኩ።

27ኛ መልስ። ታክሲ ሹፌር ነው። ስለ ሆርሞን አላወራም። የመሐሉ ወንበር መስኮት ሲከፈት ንፋሱ ከኋላ ያሉት ላይ ስለሚያርፍ ጠብ አይቀርም፤ ጋቢና ተቀመጪ አለኝ። ጋቢና የተቀመጠ ሰው መስኮት ለማንም አይደርስም። እናቱንም እዚያ ነው የሚያስቀምጣት፤ ለምን እንደሆነ አሁን ነው የገባው።

በማግስቱ ጠዋት ፒያሳ ሁለት ታክሲ አሳልፌ በሦስተኛው ጋቢና አገኘሁ። ቴዎድሮስ አደባባይ ጋ መጣ፤ እንደ ሰዓት ነው። በሩን ዳበስኩ፤ የመስኮቱ ማዞሪያ ቦታው ላይ የለም፣ ብረቱ ብቻ ቀርቷል። ሹፌሩ አየት አደረገኝ። አንገቴን አየ። ምንም ሳይል ከዳሽቦርዱ ላይ ማዞሪያውን አንሥቶ አቀበለኝ።